በመድኃኒት ቤቱ ጥግ ያለው ፍርግርግ

ግድግዳ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የቡድኗ ልጆች ናቸው፤ እሷም "ግድግዳ ምን አለው፣ ቤት የሚያቆመው እሱ አይደል?" ብላ ተቀበለችው። የብስክሌት ውድድር በሩቁ ለሚያይ ሰው ሁሉም ለየራሱ የሚጋልብ ይመስላል። አይደለም። በየቡድኑ አንዲት ፈጣን አለች፤ የቀሩት የሚለፉት ለእሷ ነው። ግድግዳ ከፊት ትወጣለች፣ ንፋሱን በደረቷ ትሰብራለች፣ የቡድኗ ልጆች ከኋላዋ ተጠግተው እግራቸውን እየቆጠቡ ይመጣሉ። መጨረሻው ዙር ላይ ሳንባዋ ሲቃጠል ጎን ትላለች፤ ያን ጊዜ ፈጣኗ ተስፈንጥራ ትወጣና አበባውን ትታቀፋለች። ግድግዳ ማን እንደቀደመ እንኳ ሳታይ፣ ከብዙዎች ኋላ፣ አፏ ደርቆ ትደርሳለች። ፎቶው ላይ የለችም። ለዓመታት እንዲህ ኖራለች፤ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

ልብ በሉ፣ ቅር አይላትም አልኩ እንጂ አትቆጣም አላልኩም። ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምጿ ዝቅ ይላል። "እሺ" ትላለች፣ ቀስ ብላ። ያቺን "እሺ" የሚያውቅ ሰው ከመንገዷ ዞር ይላል፤ የማያውቅ ግን ተስማማችልኝ ብሎ ደስ ይለዋል።

የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ስለሆነ ጣሪያው ሥር ያለችው ጠባብ መስኮት የምታሳየው የአላፊ አግዳሚውን ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። ከማሽን የወጣ እርጥብ አንሶላ እንዴት እንደሚከብድ ያነሳው ያውቀዋል። አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው፣ ተገናኝተው፣ መልሰው ይለያያሉ። የሥራ ጓደኛዋ "አንቺ በወጠርሽው ቁጥር እኔ ልበር ነው፤ እባክሽ ጉልበትሽን ለብስክሌቱ ቆጥቢው" እያለች ታማርራታለች። እንግዲህ የግድግዳ ክንድ የተሠራው እዚያ ነው፤ ሌላ ጂም አታውቅም።

የከተማው ዙር ውድድር የሚካሄደው መሃል ከተማ ነው። መንገዶቹን በአጥር ይዘጉና እዚያው ዙሪያውን ደጋግመው ይዞሩታል። መንገዱ ጠባብ፣ መታጠፊያው ብዙ ነው። ጠዋት ሴቶቹ፣ ረፋዱ ላይ ወንዶቹ ይወዳደራሉ፤ የክብር እንግዶች የሚመጡት ለወንዶቹ ነው። ከመታጠፊያዎቹ ሁሉ ክፉው መድኃኒት ቤቱ ጥግ ያለው ነው። እዚያ ጥግ፣ የጎርፍ መውረጃው ላይ፣ ፍርግርግ ብረት ተገጥሟል። የገጠመው ሰው፣ እጁ ይባረክ አልልም፣ ዘንጎቹን በመንገዱ አግድም ማድረግ ሲገባው በመንገዱ ቁመት አጋድሟቸዋል። መኪና ምንም አይሆንም። የውድድር ብስክሌት ጎማ ግን ውፍረቱ አውራ ጣት ቢያህል ነው። በሁለት ዘንጎች መሃል ከገባ ብስክሌቱ እዚያው ይቀራል፣ ሴትዮዋ ትቀጥላለች።

ብስክሌተኞች ዘንድ የማይጣስ ደንብ አለ። ከፊት ያለ ሰው ያየውን ለኋላው ይናገራል፤ የኋላው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ መንገዱን አይደለምና። ጉድጓድ ከሆነ በእጅ ይጠቆማል። መታጠፊያ ላይ ግን እጅ ከፍሬን አይነሳም፤ ስለዚህ ይጮሃል። ግድግዳ መድኃኒት ቤቱ ጥግ በደረሰች ቁጥር "ብረት!" ትላለች። ከኋላዋ ያለችው ተቀብላ "ብረት!" ትላለች፤ ቃሉ እየተቀባበለ እስከ ጭራው ይወርዳል፣ ሁሉም ወደ ውጭ ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል። ጨዋታውን የለመዱ ተመልካቾችም በረንዳ ላይ ሆነው አብረው ይጮሁ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ ብረቱን ማንሳት ሲያቅተው ስሙን እየጠራ መኖር ይለምዳል።

ዓምና ግን ስም መጥራት አልበቃም።

የቡድኑ ፈጣን ፌንጣ ናት። ፌንጣ የግድግዳ ታናሽ እህት ናት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ስትስፈነጠር ያየ ስሟ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ዓምና ግድግዳ እንደ ልማዷ ከፊት ነበረች፣ ፌንጣ ከኋላ። "ብረት!" ብላ ጮኸች። ድምጽ ማጉያው ደግሞ ያን ሰዓት ሙዚቃውን ለቆት ነበር። ከፌንጣ ጎን የነበረች ልጅ ደንግጣ ፍሬን ያዘች፤ ፌንጣ እሷን ላለመግጨት ወደ ውስጥ ሸሸች፤ ሌላ መሄጃ አልነበራትም። የፊት ጎማዋ ዘንጎቹ መሃል ገባ። ግድግዳ ድምጹን ሰማችው፤ ከኋላዋ እንደ ሸክላ ያለ ነገር ሲሰበር። የተሰበረው የእህቷ ክርን ነበር።

ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ጠገኑላት። ክርኗ ግን ከዚያ በኋላ ተዘርግቶ አያውቅም፤ ጎበጥ እንዳለ ቀረ። ፌንጣ ጸጉር ሠሪ ነበረች። ማድረቂያውን ከደንበኛ ራስ በላይ ይዞ መቆም ተሳናት፤ አሁን እዚያው የገዛ ወንበሯ ጎን ቆማ የሰው ጸጉር ታጥባለች፣ ሌሎች ይሠራሉ። እናታቸው መጀመሪያ ሰሞን ሸሚዟን ስትቆልፍላት አንድ ቀን ወደ ትልቋ ዞር አለችና "አንቺ ከፊት ነበርሽ አይደል?" አለቻት። ልትወቅሳት አልነበረም፤ መጠየቋ ነበር። ግድግዳ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን ቆሽት የሚያሳርረውን ልንገራችሁ። በዚያው ዕለት፣ የፌንጣ ደም አስፋልቱ ላይ ሳይደርቅ፣ ወንዶቹ ሊነሱ ሲሉ ሠራተኛ መጣና ፍርግርጉን በወፍራም ጣውላ ሸፈነው። ለወንዶቹ! ለካ ጣውላ ነበረ። የውድድሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ ስለ አደጋው ሲጠየቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ልጅቷ መታጠፊያ አልቻለችበትም" አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። እጇንም ወሰዱት፣ ሙያዋንም ሰደቡት። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ለዚህ ሰውዬ አንቱታ የለኝም።

ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ የኮሚቴውን ቢሮ በር አንኳኳች። ከሥራ ስትወጣ፣ እጇ ገና በረኪና በረኪና እየሸተተ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ወጥቷል፤ መምጫው አይታወቅም። አሰልጣኛቸውንም እሱ እንዲናገርላት ጠየቀችው። አሰልጣኙ ድሮ ጥሩ ጋላቢ ነበር ይባላል፣ ኮሚቴው ፊት ግን አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል። "ነገሩን በዝግታ እንያዘው" አላት። ዝም ብላ ስትመላለስ በመጨረሻ ሊቀመንበሩን ደረጃው ላይ አገኘችው። አቤት መስተንግዶ! አፉ ቅቤ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዘንድሮ ከጠዋቱ እንደሚሸፈን፣ ይህንንም ራሱ ቆሞ እንደሚያሠራ፣ እሷ ምንም እንዳታስብ ነገራት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ ብሎም ተረተላት። የተቃጠለችው እህቷ መሆኗን የረሳ ይመስል።

ግድግዳ አመነችው። ስላመነችው ነው እህቷ እንደገና ስትለማመድ ዝም ብላ ያየችው። ፌንጣ የጎበጠ ክንዷን ይዛ ገና ሳይነጋ ትወጣ ነበር። መሪውን በሁለት እጅ እኩል መያዝ ስለማትችል የግራውን ጎን ወደ ራሷ አስጠግታ አሠራችው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እግሯ እንደ ድሮው ነው። መታጠፊያ ሲመጣ ግን ሰውነቷ ድርቅ ይላል፤ ይህን ከግድግዳ በቀር ያየ የለም። "ያንን ጥግ አንድ ጊዜ ካለፍኩት በቃኝ" ትላለች ሁልጊዜ። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በውድድር፣ ሰው እያየ።" ግድግዳም በሆዷ፣ ያንን ጥግ ታልፊዋለሽ፣ እኔ ከፊት ሆኜ አሳልፍሻለሁ ትል ነበር።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሰው ሳይበዛ ብስክሌቷን እየገፋች በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ሄደች። አጥሩ ተተክሏል። ባንዲራው ተሰቅሏል። ጥጉ ላይ አንድ ጭነት መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል። ፍርግርጉ እንደተፈጠረ ነው። አንድ የላስቲክ ከረጢት ዘንጎቹ መሃል ገብቶ ይርገበገባል። ጎንበስ ብላ አወጣችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ሊቀመንበሩን ድንኳኑ ውስጥ አገኘችው፤ ለእንግዶቹ ወንበር ያስደረድራል። ለፊተኛው ረድፍ የተመረጡትን፣ ልባስ ያላቸውን ወንበሮች፣ በእጁ እየዳበሰ ያስተካክላል። ፍርግርጉ አልተሸፈነም አለችው። ፊቱ ላይ ኀፍረት ቢጤ እንኳ አልታየም።

"ኧረ ይሸፈናል፤ ለወንዶቹ ይሸፈናል" አለ። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። "እናንተ እኮ ቀስ ብላችሁ ነው የምትሄዱት። የእነሱ ፍጥነት ሌላ ነው። ብቻ ጥንቃቄ አድርጉ።"

ግድግዳ የተቸበቸበ ትከሻዋን አየችው። ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ድረስ ወጥቷል፤ በሕይወቷ ሰው መምታት አምሯት የሚያውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግን አልመታችውም።

"እሺ ጋሼ" አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምጽ። ሰውዬው ደስ አለው። ተስማማችልኝ ብሎ ወደ ወንበሮቹ ተመለሰ።

መነሻው መስመር ላይ ከመጋዝ ጎን ቆመች። መጋዝ የተቀናቃኙ ቡድን አለቃ ናት፤ በሥራዋ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ በምላሷ ስሟን የምትመስል። ሁለቱ ለዓመታት ተገፋፍተዋል፣ ተሳድበዋል፣ አንዴም ክርን ለክርን ተያይዘው አጥር ውስጥ ገብተዋል። ግድግዳ ወደ እሷ ዘንበል ብላ ብረቱ እንዳልተሸፈነና ሰውዬው ምን እንዳላት ነገረቻት።

"ቀስ ብላችሁ ነው የምትሄዱት አለ?" አለች መጋዝ።

"አዎ።"

መጋዝ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። "እንግዲያው ሰውዬውን ውሸታም አናድርገው" አለች።

ተነሱ። የመጀመሪያው ቀጥታ ላይ ግድግዳ እንደ ልማዷ ወደ ፊት ወጣች፤ መጋዝ ከጎኗ መጣች። ከዚያ ሁለቱም እኩል እግራቸውን አቆሙ። ብስክሌቶቹ በራሳቸው ተንከባለሉ፣ እየቀዘቀዙ ሄዱ፣ በመጨረሻ የእግረኛ ርምጃ ያህል ቀሩ። ከኋላ ፍሬኑ ተንጫጫ፤ ምንድን ነው፣ ማን ወደቀ፣ ተባባሉ። የሁለቱ ቡድን ልጆች ነገሩ ሲገባቸው ግራና ቀኝ ወጥተው መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር ሞሉት። ከሌላ ቡድን አንዲት ጉልበተኛ፣ ይህን የመሰለ ዕድል መቼ አገኛለሁ ብላ በቀኝ በኩል ልትሾልክ ሞከረች። ግድግዳ ዞራ እንኳ አላየቻትም። ብስክሌቷን ትንሽ ወደ ቀኝ አለች፣ ልጅቷ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ አለች፤ አልነካቻትም፣ አልገፋቻትም፣ መንገዱ ብቻ ጠፋባት። ስሟ በከንቱ አልወጣም።

ድምጽ ማጉያ ላይ ያለው ሰው ግራ ገባው። መጀመሪያ ይህ ትልቅ ስልት ነው አለ። ቀጥሎ እየተጠባበቁ ነው አለ። የዙሩን ግማሽም እንደዚያው ሲያዘግሙት ወሬውን ትቶ ሙዚቃ ከፈተ። ሰዉ መጀመሪያ አፏጨ፤ ከበረንዳ ላይ አንዱ "ሻይ ይምጣላችሁ?" ብሎ አሳቀ።

ከሁሉም የተናደደችው ግን ፌንጣ ነበረች። እሷ ምንም አታውቅም። ከኋላ "እታለም፣ ጨምሪ! ጨምሪ እንጂ!" ስትል ቆይታ በሰው መሃል ተሽሎክልካ ከእህቷ ጎን ደረሰች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት። "ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስጠብቅ አላየሽም? ለእኔ ብለሽ ከሆነ እኔ አልጠየቅኩሽም። የታመምኩ አታስመስዪኝ!"

ግድግዳ ወደ ፊት እያየች "ብረቱ አልተሸፈነም" ብቻ አለቻት።

ጎን ለጎን እየተንከባለሉ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቀረቡ። ያን ጥግ እስከዚያ ቀን ሁሉም የሚያውቁት በፍጥነት ነው፤ አንድ ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ "ብረት!" ይባላል፣ አለቀ። አሁን በእግረኛ ርምጃ መጡበት። ዘንጎቹን አዩአቸው። መሃላቸው ያለውን ክፍተት አዩት። ፌንጣ ወረደች። ብስክሌቷን በደህናው እጇ ይዛ ወደ ፍርግርጉ ጠጋ አለችና የፊት ጎማዋን ወደ ዘንጎቹ መሃል ዝቅ አደረገችው። ልክክ ብሎ ገባ። እስከ ጠርዙ ድረስ ነው የገባው። እጇን ለቀቀችው፤ ብስክሌቱ ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከኋላ የነበሩት ሁሉ ቆሙ። በረንዳ ላይ ሻይ ይምጣላችሁ ያለው ሰውዬም አንገቱን አሰገገ። ሊቀመንበሩ በዚህ መሃል፣ በሚያብረቀርቅ ጫማው እየተንደረደረ፣ አጥሩን አልፎ ደረሰ። ፌንጣ የጎበጠ ክንዷን ወደ ብስክሌቱ ዘረጋች፤ እስከሚዘረጋበት ድረስ።

"መታጠፊያ የማልችለው እኔ ነኝ?" አለችው።

ሊቀመንበሩ ወደ ግድግዳ ዞረና በጥርሱ መሃል ይናገር ጀመር። ወንዶቹ እየሟሟቁ ነው፣ እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ይህ ነገር ሻጥር ነው፣ የመወዳደሪያ ፈቃዷን ይነጥቃታል፣ ቡድኑን ያግዳል፣ አሰልጣኙን ያባርራል። አሰልጣኙ አጥሩ ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ግድግዳ ሰውዬው ትንፋሹ እስኪያልቅ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ እኛ የትም አንሄድም" አለችው። "ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። እርስዎ ነዎት ያሉት። ወንዶቹ ይጠብቁ፤ እኛ ዓመት ጠብቀናል።"

መጋዝ ከኋላ ብስክሌቷን አስፋልቱ ላይ አጋድማ ተቀመጠችበት። ሌሎቹም ተከተሏት። ያቺ ልትሾልክ የነበረችው ጉልበተኛ ሳትቀር ተቀመጠች። ድር ቢያብር ይባል የለ? አንበሳ ባያስሩም አንድ ሊቀመንበር አሰሩ። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ድንኳኑን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጣውላው አሁኑኑ ይምጣ ብሎ ጮኸ።

የመጣበት ቦታ ነው ደግሞ የባሰው። እዚያው ጥጉ ላይ በቆመው ጭነት መኪና ውስጥ የተኛው ሹፌር ስልኩ ሲጮህ ነቃ። ዓይኑን እያሻሸ ወረደ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ጣውላውን አወጣ። እዚያው ነበር! ከፍርግርጉ እስከ መኪናው ያለው ርቀት አንድ አልጋ ቢያህል ነው። ግድግዳ ጠዋት ጎንበስ ብላ ከረጢቱን ስታወጣ ጣውላው ከጀርባዋ ነበር። ጣውላው ላይ የስፖንሰሩ ስም በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ፎቶ ላይ እንዲታይ።

"መቼ ነው ያመጣኸው?" አለችው ግድግዳ።

"ሲነጋጋ" አለ ሹፌሩ፣ ምንም ሳይጠረጥር። "ሴቶቹ ሳይጨርሱ እንዳትዘረጋው፣ ይቆሽሻል ተብዬ ነው።"

ይቆሽሻል! እስቲ እናንተ ፍረዱ። የሰው ክርን ይሰበር፣ ጣውላ አይቆሽሽ። ግድግዳ ይህን ስትሰማ አጥሩን ጨብጣ ያዘች። ሹፌሩ ጣውላውን አስቀመጠ፣ ዙሪያውን በብሎን አጠበቀ፣ ላዩ ላይ ቆሞ ሁለቴ ዘለለበት፣ ጨረሰ። ትኩስ ሻይ የሚቀዘቅዝበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ለዚህ ነው እንግዲህ ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ የተቀመጠችው።

ዳኛው ጊዜው አልቋል፣ የቀረው ሁለት ዙር ብቻ ነው አለ። ይሁን አሉ። ተነሱ፣ ወጡ፣ እንደገና ተሰለፉ። አሁን ማን ቀስ ይላል! ግድግዳ የዓመት ንዴቷን ሁሉ ፔዳሉ ላይ አወረደችው። ከኋላዋ ፌንጣ፣ ከፌንጣ ኋላ መጋዝ ቡድኗን አስከትላ፤ የአፍታ በፊቱ ወዳጅነት እዚያው አስፋልት ላይ ቀርቷል፣ ክርን ለክርን ተያይዘዋል። መድኃኒት ቤቱ ጥግ ሲቀርብ ግድግዳ ከኋላዋ የእህቷን ትንፋሽ ሰማችው፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከልማዷ የተነሳ "ብረት" ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዋጠችው። ዝም ብላ ታጠፈች። ጎማዋ ጣውላው ላይ ዱብ አለ። ወዲያው ከኋላዋ ሌላ ዱብ ሰማች፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ሌላ። የሚሰበር ነገር አልተሰማም።

መጨረሻው ላይ ግድግዳ ጎን ስትል ፌንጣ ተስፈነጠረች፤ ግን መጋዝ አለፈቻት። በአንድ ክንድ መሪ እየሳቡ መጋዝን መቅደም አይቻልም። ፌንጣ መስመሩን አልፋ አጥሩን ተደግፋ አለቀሰች፣ ሳቀችም፤ የትኛው እንደበዛ እሷም አላወቀችው። ሊቀመንበሩ ውጤቱን ሰረዘው፣ አበባም ሜዳሊያም የለም አለ። የግድግዳን ፈቃድ ነጠቀ። ወንዶቹ ተነሱና ጣውላው ላይ ዱብ ዱብ እያሉ አለፉ፤ ድምጽ ማጉያውም ለተወዳዳሪዎች ደኅንነት ለተጨነቀው ኮሚቴ ምስጋና አቀረበ። ልብ በሉ፣ ምስጋና!

ከሳምንታት በኋላ ኮሚቴው ጠራት። አሰልጣኙ አማልዶ ነው ተባለ። ኮሚቴው ሰብሰብ ብሎ ባለበት ይቅርታ ከጠየቀች ፈቃዷ ይመለሳል፤ በቃ፣ አንድ ቃል ነው። ይህን ጊዜ እውነት እንነጋገር ከተባለ ግድግዳ ፈልጋው ነበር። ብስክሌት ከሌለ ሕይወቷ አንሶላ ነው፤ ወዲህ ጫፍ፣ ወዲያ ጫፍ። እናቷም ጠይቂና ይለቅ፣ ይቅርታ ምላስ አይሰብርም አለቻት። ፌንጣ ቢሮው ድረስ አብራት ሄደች፣ በሩ ጋ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ለአመሉ ያህል ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገረ፣ ስለ እንግዶቹ ክብር ተናገረ። በመጨረሻ "እንግዲህ፣ መድረኩ ያንቺ ነው" አላት፣ በፈገግታ።

ግድግዳ ተነሳች። "ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምጽ። አሰልጣኙ ትንፋሹን ለቀቀ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ወደ እሱ አልነበረም የዞረችው። ወደ በሩ ነበር የዞረችው፣ ወደ እህቷ።

"ዓምና ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ብረቱን አየሁት፤ በየዙሩ አየሁት። ብረት እያልኩ ጮህኩ። መጮህ አልነበረብኝም፤ ማቆም ነበረብኝ። ዘንድሮ ያደረግኩትን ዓምና ማድረግ ነበረብኝ፣ አንቺ ሳትወድቂ። ይቅር በዪኝ።"

ሊቀመንበሩ ይህ ይቅርታ እንዳልሆነ፣ ኮሚቴውም እንደማይቀበለው ሊያስረዳ ጀመረ፤ የሚሰማው አልነበረም። ፌንጣ ከወንበሯ ተነሳች። መጥታ የእህቷን ቦርሳ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ በዚያ በማይዘረጋው ክንዷ ነው ያነሳችው፣ ማንጠልጠያው ክርኗ ላይ ቆመላት።

"ነይ እንሂድ እታለም" አለቻት። "ሥራ ይረፍድብሻል።"